በኬንያ ገዥዎችን የሚያፋጥጣቸው ማነው? የካውንቲ ገንዘብ እንዴት እንደሚጠየቅ

ሞያሌ ላይ ድንበሩን ተሻግራችሁ ስትገቡ የምትገቡት ኬንያ ብቻ አይደለም። ማርሳቢት ካውንቲም ነው። እዚያ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቢያልቅበት፣ የገጠሩ መንገድ በዝናብ ቢቆረጥ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህር ደመወዝ ቢዘገይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ናይሮቢ ያለው መንግሥት አይደለም። የካውንቲው ገዥ ናቸው።

ገዥውን ደግሞ ማን ይጠይቃል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

የኬንያን ዜና የምትከታተሉ ከሆነ ትዕይንቱን ሳታዩት አትቀሩም። ገዥው ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ፋይል የታቀፉ የፋይናንስ ሠራተኞች ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ሴናተሮች፣ የአገሪቱ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባላት፣ አሉ። አንዱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ገዥው ወረቀት ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ያቺ ቅጽበት ተቆርጣ በቲክቶክ ትዞራለች። ከሥሯ የሚጻፈው አስተያየት ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ «ሌባው ተያዘ» ወይም «ባዶ ድራማ»። ሁለቱም ነገሩን ይስቱታል። የክርክሩ ጉልበት ያለው ቪዲዮው ላይ በማይነበበው ወረቀት ውስጥ ነው። ድክመቱም እንደዚያው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ማለት የእኛ «ክልል» ነው?

አይደለም። ኬንያ ፌዴሬሽን አይደለችም። ያላት አንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ ካውንቲዎች የየራሳቸው የላቸውም። የ2007ቱ ምርጫ ያስከተለው ደም መፋሰስ ካለፈ በኋላ አገሪቱ ራሷን ስትመረምር ደጋግሞ የተነሳ አንድ ነገር ነበር። ሥልጣንም ገንዘብም ናይሮቢ ስለተከማቸ ምርጫ የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኗል የሚል። በ2010 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ለማርገብ ሥልጣኑን ለ47 ካውንቲዎች አካፈለ። አሠራሩ ከ2013 ምርጫ በኋላ ተጀመረ። ኬንያውያን «ዲቮሉሽን» ወይም በስዋሂሊ «ኡጋቱዚ» ይሉታል። እኛ ያልተማከለ አስተዳደር እንለዋለን።

ከትልልቆቹ ሪፈራል ሆስፒታሎች በስተቀር ጤና የካውንቲ ነው። ግብርና፣ የካውንቲ መንገዶች፣ ውሃ፣ ገበያ፣ ቅድመ መደበኛ ትምህርትም እንዲሁ። ፖሊስ፣ መከላከያ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ቀርተዋል።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚያስፈልገን ሌላ ልዩነት ነው። እኛ ጋ የክልል ፕሬዚዳንት የሚሰየመው በክልሉ ምክር ቤት ነው። በኬንያ ገዥውን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ለአምስት ዓመት፣ ቢበዛ ለሁለት ዙር። ገዥውም ካቢኔያቸውም የምክር ቤቱ አባላት አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄ ሲበዛባቸው «እኔን የመረጠኝ ሕዝብ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም» ማለት ይችላሉ። ይላሉም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ካውንቲዎች የራሳቸው ገቢ አላቸው፦ የመኪና ማቆሚያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የመሬትና የቤት ግብር፣ የሆስፒታል ክፍያ። ናይሮቢ በዚህ ደህና ትሰበስባለች። ማርሳቢት ወይም ማንዴራ ግን ከዚህ የሚያገኙት ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ካውንቲዎች የሚኖሩት ከማዕከል በሚላክላቸው ድርሻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ የድርሻውን ወለል አስቀምጧል። ማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰበስበው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች መሄድ አለበት። በመጀመሪያው የበጀት ዓመት፣ በ2013/14፣ 190 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር። በ2025/26 ድርሻው 415 ቢሊዮን ሆኗል።

ገንዘቡን ለ47ቱ ማከፋፈያ ቀመር የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው። በ2020 በዚህ ቀመር ጉዳይ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ሕዝብ ብዛት ይበልጥ ይታይ ሲባል፣ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ያላቸው የሰሜን ካውንቲዎች ልንጎዳ ነው ብለው ተነሱ። ስብሰባው በተደጋጋሚ ያለ ውጤት ተበተነ፤ በዚያ ሰሞን ሦስት ሴናተሮች በፖሊስ እስከመያዝ ደረሱ። መስከረም ላይ የተስማሙት የትኛውም ካውንቲ ከቀድሞው እንዳይቀንስበት ተጨማሪ ገንዘብ ይመደባል ተብሎ ነው።

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ሴናተሩ ለካውንቲው ገንዘብ የሚሟገት ሰው ነው። ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ደግሞ «ምን ሠራችሁበት?» ብሎ የሚጠይቀው ያው ሰው ነው። ገዥዎችን የሚያናድዳቸው አንዱ ነገር ይኸው ሁለት ባርኔጣ ነው።

ጠያቂዎቹ እነማን ናቸው?

ሁለት ናቸው፣ በሁለት ደረጃ።

የመጀመሪያው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። በአገሪቱ 1,450 ዋርዶች አሉ፤ ዋርድ ከእኛ ቀበሌ ሰፋ ያለ የምርጫ ክልል ነው። እያንዳንዱ አንድ ተወካይ ይልካል። ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ የካውንቲ ሕግ ያወጣል፣ የገዥውን ካቢኔ አባላት መርምሮ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። የፖሊሲ ጥያቄ በዋናነት የሚነሳው እዚህ ነው፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት። ካውንቲው የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ አለው። በየዓመቱ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የፊስካል ስትራቴጂውን፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ የበጀት ረቂቁን ማቅረብ ግዴታው ነው። አንድ የዋርድ ተወካይ «ለምን ሆስፒታሉን ትታችሁ የገዥውን መኖሪያ ቤት ታስቀድማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። ኋላ ላይ ቢጮህ ቤቱ ተሠርቷል።

ሁለተኛው ሴኔቱ ነው። 67 ሴናተሮች አሉት፦ 47ቱ በየካውንቲው የተመረጡ፣ ሌሎቹ ሴቶችን፣ ወጣቶችንና አካል ጉዳተኞችን ወክለው በፓርቲ የሚሰየሙ። ሕገ መንግሥቱ ለሴኔቱ የሰጠው ሥራ ለካውንቲዎች የተላከውን ብሔራዊ ገቢ መከታተል ነው። የካውንቲዎች የሒሳብ ኮሚቴ የሚባለው ቡድኑ ነው ቪዲዮዎቹ ላይ የምታዩት።

ሁለቱም ግን ባዶ እጃቸውን አይጠይቁም። ነገሩን በእድር እናስበው። ዳኛው ለድንኳን ግዢ ገንዘብ ለማውጣት ሲመጡ «ቃለ ጉባኤው የታለ? በዕቅድ ተይዟል?» ብሎ ቼኩ ከመፈረሙ በፊት የሚያስቆም ሰው አለ እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ደረሰኙን ሰብስቦ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ድንኳኑ በእርግጥ መኖሩን የሚያይ ሌላ ሰው አለ። አባላት በዓመታዊው ስብሰባ ዳኛውን የሚያፋጥጡት የዚህን የሁለተኛውን ሰው ሪፖርት ይዘው ነው።

በኬንያ የመጀመሪያዋ ሰው የበጀት ተቆጣጣሪዋ ማርጋሬት ኛካንጎ ናቸው። ያለ እርሳቸው ፈቃድ ከካውንቲው ካዝና አንድ ሽልንግ አይወጣም። ሁለተኛዋ ዋና ኦዲተሯ ናንሲ ጋቱንጉ ናቸው። የሁለቱም ሹመት ለስምንት ዓመት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲታደስላቸው ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልጋቸውም።

ኦዲተሯ ሒሳቡ መደመሩን ብቻ አይደለም የሚያዩት። ሕገ መንግሥቱ ገንዘቡ «በሕግ መሠረት» ብቻ ሳይሆን «ውጤት በሚያመጣ መንገድ» ወጥቷል ወይ የሚለውንም እንዲያረጋግጡ ያዛል። በደረሰኝ የተሟላ፣ በጨረታ የተገዛ፣ ግን ሳጥኑ ሳይከፈት የተቀመጠ የኤክስሬይ ማሽን ካለ እሱም ግኝት ነው።

ሴናተር ገዥን መጥራት ይችላል?

ይችላል። እዚህ ለመድረስ ግን ዓመታት ፈጅቷል።

በ2014፣ ሥርዓቱ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ሴኔቱ ገዥዎችን ጠራ። የተወሰኑት አንመጣም አሉ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፦ «እኛን የሚቆጣጠረን የካውንቲያችን ምክር ቤት ነው። ሴኔቱም ከጠየቀን ለአንድ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ልንጠየቅ ነው። ደግሞስ የሚፈርመው የፋይናንስ ኃላፊው እያለ ገዥው ለምን ይመጣል?» ሴኔቱ በበኩሉ ገዥዎቻቸው ያልመጡ ካውንቲዎች ገንዘብ እንዲያዝ እስከመወሰን ሄደ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ለሴኔቱ ፈረደ፤ ክርክሩ ግን በይግባኝ ቀጥሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በ2022 ነው። እሱም ሴኔቱ ገዥዎችን ስለ ካውንቲ ገንዘብ ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ኮሚቴው ምስክር በመጥራትና ሰነድ በማስቀረብ ረገድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ያህል ሥልጣን አለው። ተጠርቶ ያልመጣ ገዥ 500 ሺህ ሽልንግ ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ የተጣለባቸው አሉ። እምቢታው ከቀጠለ ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርብ ይታዘዛል።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ገዥው የፋይናንስ ኃላፊያቸውን አስከትለው ይገባሉ። ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። የዋና ኦዲተሯ ሰዎችም እዚያው ተቀምጠዋል። ኮሚቴው የኦዲት ሪፖርቱን አንቀጽ በአንቀጽ ይሄድበታል። ባብዛኛው አሰልቺ ነው። እውነቴን ነው፣ ሙሉውን ስብሰባ ያየ ሰው አብዛኛውን ሰዓት የሚሰማው የገጽ ቁጥር ነው።

የጥያቄው ጥራት ግን የሚለየው እዚያ ነው። «የሕዝብ ገንዘብ የት አደረሳችሁት?» የሚል ጥያቄ ለካሜራ ያምራል፤ መልሱም «በአግባቡ ሥራ ላይ ውሏል» ይሆንና ያልቃል። «ለዚህ ጤና ጣቢያ ሙሉ ክፍያ የፈጸማችሁበት የሥራ ርክክብ ሰነድ የታለ? የፈረመው መሐንዲስ ማነው? ኦዲተሮቹ ቦታው ሲደርሱ ጣሪያ እንዳልነበረው ጽፈዋል» የሚል ጥያቄ ግን ማምለጫ የለውም። ሰነዱ አለ ወይም የለም።

ገዥዎች ደጋግመው የሚሰጡት መልስ «ሰነዱ ያኔ አልተገኘም ነበር፣ አሁን ይዘነው መጥተናል» ነው። ኮሚቴው ይህን አይወድም፣ ደግሞም ልክ ነው። ኦዲተር ሰነድ ሲጠይቅ አለመስጠት በሕጉ ወንጀል ነው። ኦዲቱ ካለቀ በኋላ የመጣ ደረሰኝ መቼ እንደተጻፈ ማን ያውቃል?

ሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ።

አንደኛው የቡንጎማ ጋሪዎች ናቸው። በ2015 ምዕራብ ኬንያ ያለው ቡንጎማ ካውንቲ አሥር ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ገዛ። ግንባታ ቦታ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የሚገፋበት ዓይነት። የአንዱ ዋጋ 109,320 ሽልንግ ሆኖ ተገኘ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ። አሥሩ ከአንድ ሚሊዮን ሽልንግ በላይ ማለት ነው። ኬንያ በሳቅ ሞተች። የተሰጠው ማብራሪያ ሳቁን አባሰው፦ ጋሪዎቹ ካንሰር ከማያመጣ የማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ ምግብ ነክ ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው ተባለ። በኋላ የካውንቲው ሠራተኞች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጉዳዩ የተያዘው በቁጣ አይደለም። የግዢ ሰነድ ላይ ብዛትና የአንዱ ዋጋ ጎን ለጎን ስለተጻፉ ነው። ገበያ ወጥቶ የጋሪ ዋጋ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ሊያነበው ይችላል። አንድ ቢሊዮን ሽልንግ የሚያወጣ መንገድ ቢሆን ኖሮ ማን በቀላሉ ይደርስበት ነበር? የኦዲተር ጥቅሙ እዚያ ነው።

ሁለተኛው ከሳቅ ይልቅ ግራ የሚያጋባ ነው። በ2019 የኪያምቡ ካውንቲ የ2017/18 ሒሳብ ሴኔቱ ፊት ቀረበ። ሒሳቡ ላይ ካውንቲ ፈጽሞ የማይመለከተው ወጪ ተመዝግቧል፦ ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ማስተባበሪያ፣ ለቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ጡረታ፣ ለደቡብ ሱዳን ሰላም ማስፈን፣ ለነፃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት። እንዴ! የኪያምቡ ካውንቲ እና የጁባ ሰላም ምን አገናኛቸው? በመከላከያነት የቀረበው ማብራሪያ የኮምፒውተር የሒሳብ ሥርዓቱ ኮድ ተሳስቷል የሚል ነበር። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ማዕከላዊው ገንዘብ ሚኒስቴር ነውና። ግን ስሕተትም ቢሆን ጥያቄው አይሞትም። ገንዘቡ በእነዚህ ስሞች ካልወጣ በምን ስም ወጣ? እዚህ ጋ «ሌባ ተያዘ» የሚለው አስተያየት አይሠራም። «ድራማ ነው» የሚለውም አይሠራም።

ከእነዚህ ውጭ ግን በሁሉም ካውንቲ የሚመላለሱ ግኝቶች አሉ። ደንቡ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ከካውንቲው ገቢ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ በብዙዎቹ ይበልጣል። ሕጉ ቢያንስ 30 በመቶው በጀት ለልማት ይዋል ይላል፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ለልማት ምንም ሳያወጡ ያልፋሉ። ያልተከፈለ የኮንትራክተርና የአቅራቢ ዕዳ አለ፤ የአገሬው ሰው «ፔንዲንግ ቢልስ» የሚለው፣ ስንቱን ነጋዴ ቤቱን በባንክ ያሸጠው።

ለእኛ አንባቢ ጆሮ የሚያቆመው ደግሞ ይኸኛው ነው። የኬንያ ሕግ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራተኛው ከሲሶ በላይ ከአንድ ብሔር እንዳይሆን ያዛል። ኦዲተሯ ይህንንም ቆጥረው በሪፖርቱ ያስገባሉ። ነዋሪው በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ብሔር የሆነ ካውንቲ ገዥ ታዲያ ምን ይመልሱ? «ሌላው ሰው እዚህ መጥቶ ሥራ አይጠይቅም» ይላሉ። ግኝቱም በዓመቱ ይመለሳል።

ከጥያቄው በኋላስ?

ኮሚቴው ሪፖርት ይጽፋል። ሰነድ ያላቀረበው ኃላፊ እንዲቀጣ፣ ገንዘብ እንዲመለስ፣ ወይም ጉዳዩ ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲመራ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሴኔቱ አያስርም፣ አይከስም። መርማሪ ሌላ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ነው፣ ዳኛ ሌላ ነው።

ገዥን ከሥልጣን ማንሳት ግን የሕግ አውጪዎቹ ሥራ ነው። የሚጀመረው ካውንቲው ምክር ቤት ውስጥ ነው። ከአባላቱ ቢያንስ ሲሶው ሐሳቡን መደገፍ አለበት፤ ለማለፍ ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ ሴኔቱ እንደ ችሎት ተቀምጦ ይሰማል፣ ይወስናል። በ2014 የኤምቡው ገዥ ማርቲን ዋምቦራ በዚህ መንገድ ሴኔቱ የወሰነባቸው የመጀመሪያው ሆኑ። በ2020 የኪያምቡው ፈርዲናንድ ዋይቲቱና የናይሮቢው ማይክ ሶንኮ ተነሱ። የሜሩዋ ካዊራ ምዋንጋዛ ሁለት ጊዜ ተርፈው በሦስተኛው፣ በኦገስት 2024፣ ሴኔቱ አነሳቸው።

ቁጥሩ ቀልድ እንዳልሆነ ለማየት ኬሪቾን ተመልከቱ። በ2024 የካውንቲው ምክር ቤት ከ47 አባላቱ በ31 ድምፅ ገዥውን አነሳ። የ47 ሁለት ሦስተኛ 31.33 ነው። ሰው ደግሞ በነጥብ አይቆጠርም፤ ስለዚህ 32 ያስፈልግ ነበር። ሴኔቱ ክሱን ወደ መስማት እንኳ ሳይገባ ጉዳዩን ዘጋው። ገዥው በአንድ ሰው ድምፅ ወንበራቸው ላይ ቆዩ።

መነሳትና መታሰርም ይለያያሉ። ዋይቲቱ በጃንዋሪ 2020 ከሥልጣን ተነሱ። ፍርድ ቤት በ588 ሚሊዮን ሽልንግ የመንገድ ሥራ ውል ጉዳይ ጥፋተኛ ያላቸው በፌብሩዋሪ 2025 ነው፤ 12 ዓመት እስር ወይም 53.5 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት። እርሳቸው ይግባኝ ብለዋል። በመሐል አምስት ዓመት አለፈ።

ይህ ሁሉ ካለ ለምን «አይሠራም» ይባላል?

አንደኛውና ትልቁ ምክንያት ጊዜ ነው። የኬንያ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በጁን መጨረሻ ነው። ኦዲተሯ በስድስት ወር ውስጥ ሪፖርት ማድረግ አለባቸው፤ ምክር ቤቶቹ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ተወያይተው እርምጃ መውሰድ አለባቸው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር 47 ካውንቲ፣ በየካውንቲው ደግሞ ሆስፒታሉ፣ የውሃ ድርጅቱ፣ ልዩ ልዩ ፈንዱ አለ። ሁሉም የራሱ ሒሳብ አለው። አንድ ኮሚቴ ይህን በሦስት ወር አይጨርሰውም። ውጤቱ አዲስ የተመረጠ ገዥ ከርሱ በፊት የነበረው ሰው ባወጣው ገንዘብ ይፋጠጣል። «እኔ ያኔ አልነበርኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው። የነበረው ሰው ደግሞ ቤቱ ተቀምጧል።

መዘግየቱ ካውንቲዎቹን ራሳቸውን ገንዘብ ያስከፍላቸዋል። ያ 15 በመቶ የሚሰላው ኦዲት ተደርጎ የአገሪቱ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ካጸደቀው የመጨረሻ ሒሳብ ላይ ነው። ማጽደቁ ሲዘገይ ስሌቱ የሚሠራው ከዓመታት በፊት በነበረ ገቢ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። ሴናተሩ ነገ ገዥ መሆን ይፈልጋል። ይህ ሐሜት አይደለም፣ የታየ ነገር ነው። የማኩዌኒው ሴናተር ሙቱላ ኪሎንዞ ጁኒየርና የናይሮቢው ሴናተር ጆንሰን ሳካጃ በ2022 ገዥ ሆነዋል። በተቃራኒው የማንዴራ ገዥ የነበሩት አሊ ሮባና የኡዋሲን ጊሹ ገዥ የነበሩት ጃክሰን ማንዳጎ በዚያው ዓመት ሴናተር ሆነዋል። ትናንት መልስ ሰጪ የነበረ ሰው ዛሬ ጠያቂ ነው። ይህ ጥቅምም አለው፤ ደረሰኝ እንዴት እንደሚደበቅ ከርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ገዥው «ወንበሬን ፈልጎ ነው» ሲሉ ሕዝቡ ግማሽ ልቡን ይሰጣቸዋል።

በታችኛው ደረጃ ያለው ችግር ደግሞ የተለየ ነው። የዋርዱ ተወካይ መንገድ እንዲሠራለት የሚለምነው ያንኑ የሚቆጣጠረውን ገዥ ነው። ገዥውን ያስቀየመ ተወካይ ዋርድ ግሬደር አይደርሰውም። ስለዚህ አንዳንዱ ምክር ቤት ዓመቱን ሙሉ ዝም ይልና፣ ሲጣላ በአንድ ጊዜ ገዥውን ለማንሳት ይነሳል። መሐከለኛ ነገር የለም። እኔ በበኩሌ ከሴኔቱ ጩኸት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼ ዝምታ ነው።

ገዥዎቹም የራሳቸው ብሶት አላቸው፣ ሊሰማ የሚገባው። ማዕከላዊው ገንዘብ ሚኒስቴር ድርሻቸውን በወቅቱ አይልክም። ለወራት ይዘገያል። ደመወዝ ይቆማል፣ መድኃኒት አቅራቢው በዱቤ አልሰጥም ይላል፣ ልማቱ ሳይጀመር ዓመቱ ያልቃል። ከዚያ ሴናተሩ «ለምን የልማት በጀታችሁን አልተጠቀማችሁም?» ይላቸዋል። ይህ ጥያቄ ግማሽ መልሱ ያለው ናይሮቢ ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ነው።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ምን ትመልከቱ?

መጀመሪያ የበጀት ዓመቱን ፈልጉ። የሚጠየቀው የየትኛው ዓመት ሒሳብ ነው? ወንበር ላይ ያሉት ሰው ያኔ ገዥ ነበሩ? ቀጥሎ የኦዲተሯን የአስተያየት ዓይነት እዩ። ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ ሒሳቡ በአመዛኙ ደህና ነው ማለት ነው፤ ገንዘቡ በጥበብ ወጥቷል ማለት ግን አይደለም። «አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም» የሚል ከሆነ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ኦዲተሯ ለመፍረድ የሚያስችል ሰነድ እንኳ አላገኙም ማለት ነው።

ኬንያ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ ሪፖርቶቹ የሕዝብ ናቸው። የኦዲተሯም የበጀት ተቆጣጣሪዋም ሪፖርት በየድረ ገጾቻቸው በነፃ ይገኛል፣ በየካውንቲው ተለይቶ። የካውንቲው ምክር ቤትም ሥራውን በይፋ እንዲሠራና ሕዝብ እንዲያሳትፍ ሕገ መንግሥቱ ያስገድደዋል። ያለ በቂ ምክንያት በሩን መዝጋት አይችልም። የበጀት ውይይቱ የሚካሄደው ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ባሉት ወራት ነው።